ከአባ ሳሙኤል እስከ ዘጠኝ ቮልት

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አስቀድሞ ያለፈው በአቃቂ ሜዳ ነው። ከባሕር ማዶ ለዋና ከተማዋ የሚመጣው ሁሉ፣ ጣቃውም ቆርቆሮውም፣ ኋላም የጊታሩ ሣጥን፣ በዚህ በኩል ይገባ ነበር። የቤዝ ጊታርን ታሪክ ሊተርክ የተነሣ ሰው ከባቡርና ከግድብ መጀመሩ ግር ያሰኝ ይሆናል። ዛሬ ቤዝ የሚይዙ ልጆች «አክቲቭ ይሻላል ወይስ ፓሲቭ?» እያሉ ሲከራከሩ ግን፣ ከክርክሩ ሥር ያሉት ሁለት አሳቦች ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ደጃፍ የደረሱት በአንድ ዐሥርት ዓመት ውስጥ፣ እዚሁ አቃቂ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ግድብ ሆኖ መጣ። ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን በጄኔሬተር ካስበሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ይህን እ.ኤ.አ. በ1831 አሳይቶ ነበር። ወንዙ ተርባይኑን ያዞራል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን፤ የቀረውን ማግኔቱና ሽቦው ይጨርሱታል።

ሁለተኛው ራዲዮ ሆኖ መጣ። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ያቆመው የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በመስከረም 1928፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ ተሰልፎ ሳለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ ለውጭው ዓለም ተናገሩ። ጣሊያን ሠርቶ በሸጠው ማሰራጫ ጣሊያንን መክሰስ! ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል። የራዲዮው ጥበብ ከግድቡ ይለያል። ማይክሮፎን የሚሰጠው ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ ከሌላ ምንጭ በመጣ ኃይል፣ በቫክዩም ቱቦ አጉልተው ካልላኩት ከክፍሉ አይወጣም። ድምፁ የተናጋሪው፣ ጉልበቱ የሌላ።

የግድቡን አሳብ ፓሲቭ፣ የራዲዮውን አክቲቭ ብሎ መያዝ ይቻላል። ወደ ቤዙ እስክንደርስ ግን ገና ብዙ ዓመታት ይቀራሉ።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የወፍራሙ ድምፅ ሥራ የማንም ኤሌክትሪክ አልነበረም። በገና ነበር፤ ዐሥር የጅማት አውታሮቹ ከድልድዩ ላይ በሚሰኩት የቆዳ ቁራጮች እየተንዘረዘሩ፣ ደርዳሪው ብቻውን በቤቱ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም የሚሰማው። ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ ደግሞ የነሐስ ሙዚቃ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ፣ የወፍራሙ መስመር የቱባ ሆነ። ቱባ ባትሪ አይፈልግም፣ ሳንባ ነው የሚፈልገው። ከነፃነት በኋላ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራዎች ሲደራጁ፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት፣ በዚያም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቃውን ሲመሩ፣ ቆሞ የሚጫወቱት ትልቁ ኮንትራባስ ከቱባው ጎን ተሰለፈ። ኮንትራባስ ግን ከአሥራ አምስት የነሐስ መሣሪያዎች ኋላ ሲቆም ጣት ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም።

በዓለም ዙሪያ የዳንስ ባንዶች ሁሉ ይህንኑ ችግር ተሸክመው ነበር። መላው የመጣው ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከምትባል ከተማ፣ ራዲዮ ጠጋኝ ከነበረ ሰው ነው። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ከትከሻ የሚንጠለጠል፣ እንደ ጊታር መረገጫ ብረት ያለው፣ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ መሣሪያ ነበር። ከዚያ በፊት በ1930ዎቹ ሲያትል ውስጥ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ሸጧል፤ ገበያው ግን አልሰማውም። የፌንደሩ ሰማው።

ከክሮቹ ሥር ያለችው ፒክአፕ የአባ ሳሙኤል ታናሽ እህት ናት። ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ጊዜ ተጠምጥሟል፤ በወንዙ ፋንታ የብረት ክር ይርገበገባል። ክሩ ሲመታ የማግኔቱ መስክ ይናወጣል፣ ሽቦው ውስጥም ከአንድ ቮልት በታች የሆነ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ከውጭ የገባ ምንም ኃይል የለም። ጉልበቱ የተጫዋቹ ጣት ነው። ፓሲቭ የሚባለው ቤዝ ይህ ብቻ ነው፤ ከፒክአፑ በኋላ የድምፅ መጠን መቀነሻ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ቀጭኑን ድምፅ በካፓሲተር የምታፈስ የቶን ቁልፍ፣ ከዚያ ኬብል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ቁልፎች የሚያውቁት መቀነስን ብቻ ነው። በፓሲቭ ቤዝ ላይ ቶኑን እስከ መጨረሻ መክፈት ማለት መጨመር ማለት አይደለም፤ ምንም አለመቀነስ ማለት ነው።

የመጀመሪያዋ ፒክአፕ አንድ ጥቅል ብቻ ስለነበረች ከክሩ ጋር በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ሁሉ ትሰማ ነበር። በእኛ አገር መስመሩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በወፍራሙ ክር ላይ ያለው ጂ ኖታ ደግሞ 49 ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ የሚያጉረመርመው ጂ ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ ቅኝቱን የሳተ ድምፅ ነው፤ በጂ የሚዘፍን ድምፃዊ ቢያማርር አይፈረድበትም። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1957 ፒክአፑን ለሁለት ከፍሎ ጥቅሎቹን በተቃራኒ አቅጣጫ በማገናኘት ጉርምርምታው ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ አደረገ። በ1960 ሁለት ፒክአፕ ያለው ጃዝ ቤዝ ተከተለ። ከዚህ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል መሠረታዊ ለውጥ አልመጣም።

አዲስ አበባ በዚህ መሐል ሌላ ግድብ አገኘች። ከጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር፤ የአባ ሳሙኤልን ስድስት እጥፍ ተኩል። ኃይሉ ወደ ከተማዋ የገባው በደቡብ በኩል ነው። በእነዚያው ዓመታት የሕንድ ባለሀብቶች የተካፈሉበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂ ላይ ተተክሎ የፈረቃ ጥሩምባ የሰፈሩ ሰዓት ሆነ፤ ቃሊቲም የብረታ ብረትና የምግብ ፋብሪካዎች መንደር ሆነች። ወደ ላይ፣ ወደ ከተማው መሐል፣ የዚያው ኃይል ቅንጣት ወደ ራስ ሆቴል፣ ወደ ዙላ ክለብና ወደሌሎቹ የምሽት ቤቶች አምፕሊፋየሮች ይገባ ጀመር።

የኤሌክትሪክ ጊታርና ቤዝ ወደ ኢትዮጵያ የገቡበትን ቀን ቆርጦ መናገር ከንቱ ነው፤ በብዙ በር ነው የገቡት። አሥመራ ላይ የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጦር ሰፈር ነበር፤ ራዲዮውም ሸክላውም የወታደሮቹም ባንዶች። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ ወጣቶች ከነጊታራቸውና ከነሶል ሸክላቸው በየአውራጃው ተበተኑ። በ1960ዎቹ ማብቂያ እንደ ሶል ኤኮስ ያሉ፣ ከጦር ክፍል ውጭ የቆሙ ትናንሽ ባንዶች ሲበቅሉ አሥራ አምስት ሰው ማሰለፍ አልቻሉም፤ ሁለት ሦስት ነሐስ፣ ጊታር፣ ኦርጋን፣ ድራምና አንድ ቤዝ። ከዚህ በኋላ ቤዙ አጃቢ ብቻ አልነበረም። ከድራሙ ጋር የቤቱን ምሰሶ ተሸከመ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ አምሐ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ደፍሮ አምሐ ሬከርድስን አቆመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ድርጅቱ በስድስት ዓመት ገደማ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። እነዚያን ሸክላዎች ዛሬ በጥሩ ስፒከር የሚሰማ ሰው ቤዙን ክብ፣ ሞቅ ያለ፣ ጫፉ የለዘበ ሆኖ ያገኘዋል። አንዳንዱ ይህን «የዘመኑ ጣዕም» ይለዋል። እኔ የምለው ግማሹ ጣዕም ቢሆን ግማሹ ፊዚክስ ነው። ፓሲቭ ፒክአፕ ምልክቱን ረጅም ኬብል ውስጥ ሲልክ ኬብሉ ራሱ ካፓሲተር ይሆንና ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፤ ከዚያ የዘመኑ ቱቦ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ የዘመኑ ቴፕ፣ ከዚያ ሰባት ኢንች ሸክላ፣ እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን ይቆርጣሉ። መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም። አክቲቭ ቤዝ ገበያ ላይ ገና አልወጣም።

የወጣው ካሊፎርኒያ፣ ሌላ ሰፈር ነው። በ1969 የተቋቋመው አሌምቢክ የተባለ ድርጅት፣ ሮን ዊከርሻም በሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሰው መሪነት፣ ለሳንፍራንሲስኮ ባንዶች ቤዞች ውስጥ ትንሽ አምፕሊፋየር መቅበር ጀመረ። ምክንያቱ የሚገርም አይደለም፤ ባንዶቹ ስታዲየም ውስጥ ሲጫወቱ ኬብሉ ረዘመ፣ የሚበላውም ድምፅ በዛ። ምልክቱ ከመሣሪያው ሳይወጣ ጉልበት ከተጨመረለት ግን ኬብሉ ቢረዝምም አይጎዳውም። የአሌምቢክ መሣሪያ በትእዛዝ የሚሠራ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ስለነበር ወደ እኛ አገር ክለብ የሚደርስ አልነበረም።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የምሽቱ ከተማም ተቆለፈ። አምሐ እሸቴ ከአገር ወጣ። ሙዚቃው ግን አልሞተም፤ ወደ ሆቴሎች ገብቶ በር ዘጋ። እንግዳው ከሰዓት እላፊው በፊት ይገባል፣ ሲነጋ ይወጣል፤ ባንዱም እንዲሁ። ሂልተን ውስጥ ዋልያስ ባንድ ነበር፤ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ መላከ ገብሬ በቤዝ። ግዮን ውስጥ ዳህላክ ባንድ፤ ራስ ሆቴል ውስጥ ደግሞ አይቤክስ። በዚያ ጊዜ ልማዱ መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ሀብት መሆኑ ነው፤ ሙዚቀኛው የሚጫወተው የተሰጠውን ነው። ቤዙ የሌላ ሰው ከሆነ የኤሌክትሮኒክስ ምርጫ ጥያቄ ከየት ይመጣል? ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በኮንትራት መሥራታቸው ለዚህ ነው በታሪካችን ትልቅ ነገር የሆነው። መሣሪያ ሲኖርህ ነው ድምፅህ የሚኖርህ።

የአይቤክስ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ይባላል። ከጊታሪስቱ ከሰላም ሥዩም ወልደማርያም ጋር ሆኖ የአንድ ትውልድ የሙዚቃ ወለል ያነጠፈ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ጋር ለካይፋ ሬከርድስ ሲቀርጽ፣ ዘፈኑን የሚያሽከረክረው ቤዙ ነው፤ አንድ ሐረግ ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሰለች፣ ድምፃዊው ወዴትም ቢበር መሬቱን ይዞለት። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ብራስልስ ላይ ክራምድ ዲስክስ ዳግም ሲያሳትመው አውሮፓውያኑን የያዛቸውም ይኸው ሽክርክሪት ይመስለኛል። በ1976 ደግሞ አይቤክስ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ፣ በስቴሪዮ ተቀረጸ።

1976ን ያዙልኝ። ሊዮ ፌንደር ኩባንያውን በ1965 ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ከሸጠ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ከቀድሞ ሠራተኞቹ ከፎረስት ዋይትና ከቶም ዎከር ጋር ሚውዚክ ማን በተባለ አዲስ ድርጅት ሥር ስቲንግሬይ የተባለውን ቤዝ አወጣ፤ ጊዜው አይቤክስ ራስ ሆቴል የተቀረጸበት ዓመት ነው። በፋብሪካ በብዛት ተመርቶ የወጣ የመጀመሪያው አክቲቭ ቤዝ ነው። በሆዱ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ይይዛል፤ ባትሪው ትንሽ ፕሪአምፕ ያንቀሳቅሳል፤ ቁልፎቹም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ያደርጋሉ። በሚቀጥሉት ዓመታት በፋንክና በዲስኮ ሸክላዎች ላይ የተሰማው፣ በአውራ ጣት ሲመታ እንደ መዶሻ የሚጮኸው ደማቅ ቤዝ በአመዛኙ የዚህ ዐይነቱ መሣሪያ ሥራ ነው። ኒው ዮርክ ወደ ደማቁ ስትሄድ አዲስ አበባ በክቡ ድምፅ ላይ ነበረች። ይህን ኋላ ቀርነት የሚል ካለ፣ የአይቤክስን ቅጂ አሁን በጆሮ ማዳመጫ ይስማ።

ቀጣዮቹ ዓመታት ለቤዝ ክፉ ነበሩ። ሸክላ ቆመ፣ ካሴት ነገሠ። አይቤክስ ሮሃ ሆኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ካሴቶችን አጀበ፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ከታክሲው ካሴት ማጫወቻ በጭንቅ ነበር የሚወጣው። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ ለክር እንኳ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይጠበቅ ነበር፤ አሮጌ ክር ቀቅሎ ዳግም መጠቀም የብዙ አገር ቤዝ ተጫዋቾች ብልሃት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ በየሁለት ሦስት ወሩ ጥሩ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ የሚጠይቅ መሣሪያ ቅንጦት ነው። ያለ ባትሪ አክቲቭ ቤዝ፣ የማለፊያ መንገድ ካልተሠራለት በቀር፣ ዲዳ ነው።

ባሕር የተሻገሩት ግን ሌላ ዓለም አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1984 ዋሽንግተን ላይ አድማስ የተባለ ቡድን «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የሚል አልበም በራሱ ወጪ አሳተመ፤ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ አበጋዝ ሺዖታ፣ ዮሴፍ ተስፋዬ፣ ቤዙን ደግሞ ሄኖክ ተመስገን። ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ከአገር ቤት ዜማ ጋር የተጋቡበት ሥራ ነው። የዚያው ሲንተሳይዘር ማዕበል አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ቤዙን አላጀበም፤ ተካው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ወንድሞቹ በአንድ ሰው ሁለት እጅ ነሐሱንም ቫዮሊኑንም ቤዙንም ያዙ። ለሠርግ አምስት ሙዚቀኛ ከመክፈል አንድ ኪቦርድ ይረክሳል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ ሰዓት እላፊው ሲነሣ፣ ነፃ የወጣው ሌሊት ባብዛኛው የኪቦርድ ሌሊት ሆኖ ተገኘ። የቤዝ ተጫዋቹን መስመር የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ ወርሶታል።

መመለሻው ከሁለት ወገን መጣ። ከአንድ ወገን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ባወጣው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የድሮውን ድምፅ ለዓለም ሲያሰማ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች በ«ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ሲገቡ፣ የአገር ቤት ወጣቶችም የአያቶቻቸውን ቤዝ መስመር መቅዳት ጀመሩ። ከሌላው ወገን ተሰዳጆቹ ተመለሱ። ሄኖክ ተመስገን በርክሊ የተማረውን ይዞ አዲስ አበባ ገባና ከጊታሪስቱ ከግሩም መዝሙር ጋር በአዲስ አኩስቲክ ውስጥ ኮንትራባሱን አቆመ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት እስኪጠፋ ድረስ የብዙ ቤዝ ተጫዋቾች መድረክ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌልም ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው።

ከተመላሾቹ ሻንጣ ጋር አክቲቩ ቤዝ በብዛት ገባ፤ አራት ክሩም፣ ዝቅተኛው ክሩ 31 ኸርዝ የሚወርደው ባለ አምስት ክሩም። ከዕቃው ጋር ችግሩም መጣ። ከአሜሪካ የመጣ አምፕሊፋየር በብዛት ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ ያለው 220። ትራንስፎርመሩን ረስቶ በቀጥታ የሰካ ሰው ጭስ አይቶ ይማራል። የውጭ ዕቃ በኮንቴይነር ከመጣ ቃሊቲ ጉምሩክ ወርዶ ይፈተሻል፤ እዚያ ለሚቆም ነጋዴ ቤዙ አክቲቭ ይሁን ፓሲቭ ልዩነት የለውም፤ ሣጥኑ ውስጥ ባትሪ መኖሩን ግን አስቀድሞ ማወቁ አይከፋም፤ በመንገድ የሰነበተ ባትሪ ይፈስና የመዳቡን ጫፍ ይበላል።

መብራቱም የራሱን ጉዳይ ጨመረ። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ውኃ አንሶ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲታደል አንድ የተሳሳተ ወሬ ይሰማ ነበር፤ «አክቲቭ ያለው አይቸገርም፣ ባትሪ አለው» የሚል። ባትሪው ፕሪአምፑን ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ አምፕሊፋየሩንና ስፒከሩን አይደለም። መብራት ሲሄድ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ። ልዩነቱ የሚታየው መብራቱ ሲመለስ ነው፤ ወይም ጄኔሬተሩ ሲነሣ። እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለ የፋብሪካ፣ የጋራዥና የብየዳ ቤት ሰፈር ትልልቅ ሞተሮች ሲነሡ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ የብየዳ ብልጭታም በአየር ላይ ጫጫታ ይረጫል። ባለ አንድ ጥቅል ፓሲቭ ፒክአፕ፣ በዚያ ላይ ረጅምና ርካሽ ኬብል ከተጨመረ፣ ይህን ሁሉ ይሰማል። አክቲቩ ከመሣሪያው ሲወጣ ጠንካራ ስለሆነ በኬብሉ ላይ የሚጨመረው ጫጫታ ብዙም አይነካውም። ይሁን እንጂ ጫጫታው ፒክአፑ ላይ ከገባ ፕሪአምፑ እሱንም አብሮ ያጎላዋል። ስለዚህ ጉርምርምታን ለማምለጥ ባትሪ ከመግዛት በፊት ጥቅሉ የተከፈለ ፒክአፕ መምረጥ፣ የመሣሪያውን የሽቦ ጓዳ በመዳብ ወረቀት ማልበስና ምድር የነካ ሶኬት መፈለግ ይቀድማል።

በመስከረም 2008 የቀላል ባቡሩ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ድረስ ተከፈተ፤ በ2009 ደግሞ ለአሠርት ዓመታት ቆሞ የነበረው አባ ሳሙኤል በቻይና ድጋፍ ታድሶ ያችኑ 6.6 ሜጋ ዋቱን ዳግም መስጠት ጀመረ። በዚህ ጊዜ በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ ቤዝ ጊታር በብዛት የሚሰማው በምሽት ክለብ አይደለም፤ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ነው። እሑድ ጠዋት መዘምራኑ ከነባንዳቸው ይቆማሉ፤ መሣሪያው የማኅበሩ ነው፣ ተጫዋቹ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ቤዙም በግል አምፕሊፋየር ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይገባል። ፓሲቭ ቤዝ ያለ ዲአይ ሣጥን፣ ማለት በመሐል ገብቶ ሸክሙን ከሚያቀልለት ትንሽ ሣጥን ውጭ፣ ሚክሰር ውስጥ ሲሰካ ይደነዝዛል፤ ሚክሰሩ ለፒክአፑ ከባድ ሸክም ስለሚሆንበት። አክቲቩ በዚህ ቦታ ያለ ምንም ረዳት ይጠራል፤ ብዙ ወጣት «አክቲቭ ይበልጣል» ብሎ የሚምለው ይህን አንድ ልዩነት ሰምቶ ነው። ከአክቲቭ ቤዝ ትርፍ ዋጋ አንድ ጥሩ ዲአይ ሣጥን ይረክሳል፤ ሣጥኑ ደግሞ ለኪቦርዱም ለክራሩም ያገለግላል። መሣሪያው የብዙ ሰው ከሆነ፣ ባትሪ የሚቀይር አንድ ኃላፊ ከሌለ፣ እኔ ፓሲቭ ግዙ ነው የምለው። የራሱን ቤዝ ይዞ፣ ባለ አምስት ክር እየተጫወተ፣ ከመድረክ ወደ መድረክ የሚዞር ሰው ግን አክቲቭ ቢይዝ ያምርበታል፤ ባትሪው ሲደክም ወደ ፓሲቭ የምታሻግር ትንሽ ማብሪያ ያለችውን መርጦ። ሲያበቃም ኬብሉን ይንቀል። በአብዛኞቹ አክቲቭ ቤዞች ላይ ባትሪውን የሚያበራው ጃኩ ራሱ ነው፤ ተሰክቶ ያደረ ቤዝ ባትሪውን ሲጨርስ ያድራል።

በዚሁ ዘመን ክርክሩ ያልነካው አንድ መሣሪያ መድረክ ላይ ወጣ። ቤዝ ክራር ይባላል። የመላኩ በላይ ቡድን ኢትዮከለር ከአዲስ አበባው የባህል ቤት ከፈንድቃ ተነሥቶ ዓለምን ሲዞር ከማሲንቆውና ከዋሽንቱ ጋር ወፍራሙን መስመር የሚይዘው እሱ ነው፤ ቆዳ የተለበጠ፣ ከተራው ክራር የገዘፈ፣ እንደ ቤዝ ጊታር የሚመታ። የማግኔት ፒክአፕ የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። የጅማት ወይም የናይለን ክር በማግኔት ፊት ቀኑን ሙሉ ቢርገበገብ ሽቦው ውስጥ ምንም አይፈጠርም። ለእንዲህ ያለው ክር የሚሠራው በቆዳው ወይም በድልድዩ ላይ የሚለጠፍ፣ ንዝረትን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒዬዞ ነው፤ ፒዬዞ ደግሞ ያለ ፕሪአምፕ ከተሰካ ወፍራሙን ድምፅ ጥሎ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። የብረት ክር የወጠረ ክራረኛ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። ናይለን የወጠረው ግን ምርጫ የለውም፤ ባትሪውን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል።